«ሙሉ እንክብካቤ» ምን ምን ያካትታል?

በባልደራስ ኮንዶሚኒየም ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ባልደራስ የቤተ መንግሥት ፈረሶች ኃላፊ ማዕረግ ነበር። ቦሌ አፓርታማ እየኖረ ፈረስ የገዛው ጓደኛዬም ባልደራስ ያስፈልገው ነበር። ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አንድ ጋጣ በወር ክፍያ «ሙሉ እንክብካቤ» ብሎ ተቀበለው። ድርቆሽ፣ ገብስ፣ ጋጣ ጠረጋ፣ ማንሸራሸር ሁሉ አለ። ውኃም አለ፤ ፈረስ በቀን ባለ20 ሊትር ጀሪካን ሊጨርስ ይችላል።

ፈረሱ ሲያነክስ ግን ማን እንደሚከፍል ስላልተጻፈ ሐኪም ሳይጠራ 3 ቀን አለፈ። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ የሚደረገው የሰኮና ሥራም፣ ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈረስ በሽታ ክትባትም ለካ ሂሳቡ ውስጥ የሉም!

ኢኮኖሚክስ ስንማር ቋሚ ወጪ ያልነው ወርሃዊውን ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ግን ድንገተኛው ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አስጽፉ፦ ሐኪም ማን ይጠራል? ማን ይከፍላል? ባለቤቱ ስልክ ባያነሳስ? ፈረስ አመመኝ አይልም፤ ውሉ ይናገርለት።