የሺሺንዳ ተረት ሺሺንዳ ላይ ሲታተም

ስለ ካፋ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን የታተመው ከካፋ ርቆ ነው። ሊዮ ራይኒሽ ስለ ካፊ ኖኖ ቋንቋ ያጠናውን በ1888 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ አሳተመ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ስለ ካፋ ሕዝብና መንግሥት የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ ሥራ በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ እሱም በጀርመንኛ። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1951 እ.ኤ.አ. በጣሊያንኛ ተከተላቸው። ታሪኩንና ቋንቋውን ለእነዚህ አጥኚዎች የነገሩት የካፋ ሰዎች ልጆች አብዛኞቹ መጽሐፎቹን ዛሬም ገልጠው ማንበብ አይችሉም።

ይህን ልማድ ከሰበሩት አንዱ አቶ በቀለ ወልደማርያም ናቸው። ከአባቶች አፍ የሰበሰቡትን የካፋ ታሪክ በአማርኛ ጽፈው ለወገናቸው አቀረቡ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሥራው በእንግሊዝኛ ታተመ። እንዲህ ያለው ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚጠበቅ አለመሆኑን ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ በሺሺንዳም ይቻላል። ሺሺንዳ በካፋ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢው የቡና፣ የማር፣ የኮረሪማና የእንሰት አገር ነው። ቀፎ ከረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ማሩ መቼ እንደሚቆረጥ፣ እንሰት እንዴት ተፍቆ ቆጮ እንደሚሆን የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ለመጻፍ የሚያስፈልጉት አንድ ጥሩ ተራኪ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ መምህር፣ እርሳስ የለመደ ወጣት ሠዓሊና ስሕተት የሚነቅስ ሁለተኛ አንባቢ ናቸው።

አንድ እውነተኛ እንቅፋት አለ፤ እሱም ፊደል ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ የካፋና ሞቻ ቋንቋ አንዱ ነበር፤ የተማሩትም በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን ካፊ ኖኖ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሆነ። በላቲኑ የድምፅ ርዝመትና ጥብቀት ፊደሉን በመደጋገም ይታያል፤ የግዕዙ ፊደል ደግሞ ጥብቀትን አያሳይም። ስለዚህ በዘመቻው ማንበብ የተማረች አያትና ዛሬ አራተኛ ክፍል ያለ የልጅ ልጇ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ በሁለት ፊደል ያነባሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ800 ሺህ በላይ ተናጋሪ ላለው ቋንቋ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የመንደር መጽሐፍ ግን ሁለቱን ፊደል በፊት ለፊት ገጾች ላይ ማሳተም ይችላል። አያትና የልጅ ልጅ አንድ መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሊያነቡ ይችላሉ፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ትንሽ አሳታሚ ከትልቁ ይሻላል።

ኅትመቱ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል፤ ስምንት ወረቀት 32 ገጽ ነው። ከውጭ በኩል ያለው ወረቀት በአንድ ፊቱ ገጽ 32ንና 1ን፣ በጀርባው 2ንና 31ን ይይዛል። ቅደም ተከተሉ አንዴ ከተስተካከለ ቀሪው ፎቶ ኮፒና በጀርባው መሐል የሚመታ ስቴፕል ነው። በኦፍሴት ለማሳተም ፕሌት ማሠራት ግድ ስለሚል ወጪው የሚቀለው ብዙ ቅጂ ሲወጣ ነው፤ ለመቶ መጽሐፍ ግን ኮፒ ይበጃል። የመቶው ሽያጭ የሁለተኛውን እትም ወረቀት ከገዛ የመንደሩ አሳታሚ ቡድን በእግሩ ቆመ ማለት ነው።

በትንሹ መጀመር ለኢትዮጵያ ኅትመት እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በ1902 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ብቅ ሲል አንድሪያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በእጁ እየጻፈ የሚያባዛው ነበር፤ በሳምንት የሚወጣው ቅጂም 24 ብቻ ነበር። ማባዣ ማሽን የመጣው ኋላ ነው።

ዛሬ ደግሞ መንገድ የጠረጉ አሉ። ኮድ ኢትዮጵያ በገጠር የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን እየደገፈ በአገር ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት ያሳትማል። ከካፋ በስተደቡብ ማጂ ያደጉት ደራሲ ጄን ከርትዝ የተሳተፉበት «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» ደግሞ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ያላቸው ቀጫጭን የልጆች መጻሕፍት ያወጣል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የደቡብ አፍሪካው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» ተረቶቹን ማንም ሰው በነፃ እንዲተረጉም፣ እንዲያሻሽልና እንዲያትም ፈቅዷል። ከእነዚህ ተረቶች አንዱን ወደ ካፊ ኖኖ መልሶ ማተም ለጀማሪ ቡድን ጥሩ መለማመጃ ነው፤ የራስን ተረት መጻፍ ቀጥሎ ይመጣል።

መዘንጋት የሌለበት የስም ጉዳይ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጽሑፍም ሥዕልም ምዝገባ ሳያስፈልገው ይጠበቃል፤ የኢኮኖሚ መብቱም በደራሲው ዕድሜ ሙሉ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የመንደር ተረት ግን የአንድ ሰው ስላልሆነ ጸሐፊው «የእኔ ነው» ማለት አይችልም። ከኅትመቱ በፊት ተራኪዋ፣ ጸሐፊውና ሠዓሊው ተቀምጠው የማን ስም የት እንደሚገባ፣ ትርፍ ከተገኘ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ማተም ቢፈልግ ማንን እንደሚጠይቅ በአንድ ገጽ ቢጽፉ ኋላ ላይ ጠብ አይነሣም። የተራኪዋ ስም ከነቀበሌዋ ሽፋኑ ላይ ይግባ፤ ለአውሮፓውያኑ አጥኚዎች የነገሩት ብዙዎቹ ይህን አላገኙም።