ያውቁ ኖሯል? ግማሽ ምዕት ዓመት የተሻገረው የሕክምና መጽሔት

«ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል» መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ በ2012 ደግሞ 50ኛ ዓመቱን ደፈነ። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የሚያሳትመው ይህ መጽሔት በአንድ በሽታ አይወሰንም፤ የካንሰር ጥናትም የካላዛር ጥናትም ይስተናገድበታል። ካላዛር ለሚያጠቃው ቆላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸሕዲና በመተማ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች፣ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር በምትገኘው የአሸዋ ዝንብ ተነክሰው ካላዛር ይይዛቸዋል። ረጅም ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የደም ማነስ ምልክቶቹ ናቸው፤ አንዳንድ የደም ካንሰሮችም እነዚህኑ ያሳያሉ። ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ የሚለዩት በደም፣ ሲያስፈልግም በመቅኔ ወይም በጣፊያ ናሙና ምርመራ ነው። ከቆላ ተመልሶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሰው የት እንደከረመ ለሐኪሙ መንገር አለበት።