ቦርጭ፣ የጫካ ማርና ኮሮና

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ ሲነገር ሰዉ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ገበያ ላይ ተናጠቀ። ኮረሪማውም ማሩም ከደጅ በሚገኝበት በካፋ ደግሞ እንዲህ ያለው መድኃኒት ደጋፊ አያጣም። ስለ ቦርጭ የተጨነቀ ግን እምብዛም አልነበረም።

እንዲያውም «ሥጋ ያለው ሰው በሽታ ቶሎ አይጥለውም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ረሃብን በሚያውቅ ሀገር እምነቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም፤ ኮሮና ላይ ግን አይሠራም። ሆድ ውስጥ የተከማቸ ስብ ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ (ድያፍራምን) ወደ ላይ ስለሚገፋ ሳንባ እንደልቡ አይነፋም፤ በጀርባ ሲተኙ ይብሳል። ስቡ ራሱ ሰውነትን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮች ያመነጫል፣ የደም መርጋትንም ያባብሳል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ኮሮና በተገኘባቸው 148,494 አዋቂዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ የክብደትና ቁመት ምጣኔው ከ30 እያለፈ በሄደ ቁጥር ሆስፒታል የመተኛትም የመሞትም አደጋ እንደሚጨምር አሳይቷል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 87 ኪሎ ሲመዝን 30 ላይ ደረሰ ማለት ነው።

«ውፍረት የአዲስ አበባ ሰው ጉዳይ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ብቻ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ነበሩ። የካፋዋ ከተማ ቦንጋ ግን የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቢሮ ተቀምጦ የሚውለው በዝቷል፤ ዳገቷንም ባጃጅ ይወጣላታል። ደግሞም እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ግን የገፋ ሰው ሚዛን ላይ ጤነኛ ይመስላል። እዚህ ላይ ከሚዛን ይልቅ ገመድ ይሻላል፦ በቁመት ልክ ቆርጦ፣ ለሁለት አጥፎ፣ ወገብ ላይ መጠምጠም። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ የደም ግፊትና ስኳር መመርመር ያስፈልጋል።

የጫካ ማርስ? ጉሮሮ ያለሰልስ ይሆናል እንጂ ቫይረስ አይገድልም፤ ስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ማርም ያው ስኳር ነው። ቡናውም ለብቻው ጥፋት የለበትም። በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ግን ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 25 ግራም ገደማ ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ቢበዛ የሚመርጠው መጠን ይኸው ነው፤ ለስላሳው ገና አልተቆጠረም።

ወረርሽኝ ሲሰማ ጦም ውሎ በሳምንት ለመክሳት መሞከርም አያዋጣም፤ ሰውነትን ያዳክማል። ከክብደት 5 በመቶ ብቻ፣ ማለትም ከ87 ኪሎ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ቀስ በቀስ መቀነስ የደም ግፊትንና ስኳርን ያሻሽላል። በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ለዚህ የቦንጋ ዳገት ምቹ ነው፣ ባጃጁን ማሳለፍ ከተቻለ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ሆስፒታል ሄጄ ኮሮና ይይዘኛል ብሎ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ክትትሉ እንዳይቋረጥ አስቀድሞ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር የሚሆን መድኃኒት እንዲታዘዝ ሐኪምን መጠየቅ ይቻላል። ወፍራም ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ከ94 በታች ካሳየ፣ ዝንጅብሉ እስኪፈላ ሳይጠበቅ ወደ ቦንጋው ገብረ ፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።