ከጠርሙሱ አስቀድሞ ብርጭቆው

ነጩና ጥቁሩ ዓባይ ከሚጋጠሙበት ሥፍራ ማዶ በስተ ሰሜን የምትገኘው ባሕሪ፣ ከካርቱምና ከኦምዱርማን ጋር በአንድነት የሱዳንን ታላቅ መዲና የምትሠራ፣ ፋብሪካና ጋራዥ በርክቶባት የኖረች የሠራተኛ ከተማ ናት፤ ከሀገራቸው ወጥተው በዚያ እንጀራቸውን ሲፈልጉ ከኖሩት ኢትዮጵያውያንም መካከል መሪ ጨብጦ ወይም የመካኒክ ቁልፍ ይዞ ቤተሰቡን ያስተዳደረ ጥቂት አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው መኪናው ንብረቱ ብቻ ሳይሆን ዕለታዊ ሲሳዩ ነውና፣ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ፣ ጢሱ ሲጠቍር፣ ጭነቱ ሲከብደው፣ ልቡ ይጨነቃል፤ በዚህ ጊዜ የመለዋወጫ ነጋዴው ከመደርደሪያው ትንሽ ጠርሙስ አውርዶ «ይህን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለው፣ ሞተሩ ይታጠባል፣ ነዳጁ ይቈጠባል፣ ጉልበቱም ይመለሳል» ሲለው፣ ተስፋውን በገንዘቡ ይገዛል። ታዲያ ይህ የነዳጅ ቅመም በእውነት ፈውስ ነውን?

ጥያቄውን በቅን ለመመለስ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባን፣ ቅመም ያልገባበት ቤንዚን ከማደያ ፈጽሞ አይገኝም ለማለት እስኪያስደፍር ድረስ፣ ዋናው የመቀመም ሥራ የሚፈጸመው ከሾፌሩ እጅ ርቆ፣ በማጣሪያውና በዴፖው መሆኑን ነው። ለባሕሪ ይህ ማጣሪያ ሩቅ አልነበረም፤ ከካርቱም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ በጀይሊ፣ ሱዳን ከቻይና የነዳጅ ኩባንያ ጋር ያቆመችው የካርቱም ማጣሪያ በሀገራችን አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ ኋላም ተስፋፍቶ በቀን እስከ 100,000 በርሜል ለማጣራት የሚችል ሆኖ ነበር። ኢትዮጵያም የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላ፣ ከዚሁ ጎረቤት ማጣሪያ ቤንዚን በመተማ በኩል ስታስገባ ቆይታ ነበር።

የቅመሙ ታሪክ በረከትም መርገምም ያለበት ነው። ሞተር ያንኳኳል የምንለው፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው የቤንዚንና የአየር ቅልቅል፣ ካንዴላው የለኰሰው ነበልባል ሳይደርስበት በገዛ ራሱ ሲነድ ነው። በ1914 ዓ.ም. አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊ፣ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ፣ የእርሳስ ውሕድ ከቤንዚን ጋር ቢቀላቀል ይህን ማንኳኳት እንደሚያስቀር አገኘ፤ ሞተሩም ተፈወሰ። ነገር ግን ከጢሱ ጋር የወጣው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ፣ ዓለም ስሕተቱን ለማረም መቶ ዓመት ያህል ፈጀበት፤ የመጨረሻዪቱ ሀገር አልጄሪያ ለመኪና የሚሸጠውን እርሳስ ያለበት ቤንዚን ያቆመችው በ2013 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቅመም ለሞተሩ መልካም ሆነ ማለት ለሰው መልካም ሆነ ማለት እንዳልሆነ፣ ይህ ታሪክ ለዘለዓለም ምስክር ነው።

ከዚህ የተሻለውን ምሳሌ ደግሞ ከቤታችን እናገኛለን። በ2001 ዓ.ም. ናይል ፔትሮሊየም የተባለው የሱዳን ኩባንያ፣ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘውን ኤታኖል በሱሉልታ ዴፖው ከቤንዚን ጋር ከመቶ አምስት እጅ እየቀላቀለ ለአዲስ አበባ ማቅረብ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ አሥር እጅ ከፍ አለ። ኤታኖል የቤንዚኑን ኦክቴን፣ ማለትም ማንኳኳትን የመቋቋም ኃይሉን፣ ያሳድጋል፤ ይሁን እንጂ በሊትር ያለው ጉልበት ከቤንዚን አንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳልና፣ አሥር እጅ የገባበት ነዳጅ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ጉልበት ይጐድለዋል፤ ደግሞም ውኃ ይስባል። ጥቅሙ የሀገሪቱን የውጭ ምንዛሪ መቈጠቡ እንጂ፣ ለእያንዳንዱ ሾፌር የመንገዱን ርቀት ማስረዘሙ አልነበረም።

ወደ ሱቁ ጠርሙስ ስንመለስ፣ ከብዙዎቹ መካከል እውነተኛ ምግባር ያለው አጣቢው ቅመም ነው። ነዳጅ ሲቃጠል በኢንጀክተሩ አፍና በቫልቩ ላይ ጥላሸት ይጋገራል፤ ፖሊኤተር አሚን የተባለው ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ሲገባ ይህን ጥላሸት ሊያላቅቅ ይችላል። አሜሪካ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚን ሁሉ አጣቢ እንዲኖር በሕግ አዛለች፤ በ2008 ዓ.ም. የዚያች ሀገር የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር ባስደረገው ፈተና፣ የላቀ አጣቢ የሌለው ቤንዚን 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞን በሚመስል ሥራ ላይ፣ ካለው ይልቅ 19 እጥፍ ጥላሸት ትቶ ተገኝቷል። እንግዲህ ኢንጀክተሩ ቈሽሾ ሞተሩ ለሚንተፋተፍበት ሰው፣ ስሙ የታወቀ አጣቢ አንድ ጊዜ መሞከር ከንቱ ወጪ አይደለም። ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮች ግን ቤንዚኑ የመግቢያውን ቫልቭ ስለማይነካው፣ የዚያን ክፍል ጥላሸት ጠርሙሱ አያጥበውም። ነዳጅ እንቈጥባለን የሚሉትንማ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከመቶ የሚበልጡ ዕቃዎችንና ቅመሞችን መርምሮ፣ ጥቂቶቹ ብቻ፣ ያውም ኢምንት ጥቅም እንደሰጡ አስታውቋል። ሞተሩ ከተሠራበት በላይ ኦክቴን መጨመርም ጉልበት አይወልድም።

የባሕሪ ሾፌር ደዌ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በሱዳን የነዳጅ እጥረት ሲጸና፣ በማደያ ደጅ ያደረው ሰልፍ ሲሰለች፣ ቤንዚን በጄሪካን ከመንገድ ዳር ይገዛል፤ በጄሪካኑ ውስጥ ሀቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል አቧራ፣ ዝገት፣ ውኃ፣ አንዳንድ ጊዜም ርካሽ ላምባ አብሮ ይገባል። አቧራን የሚያስቀረው ፊልትሮ ነው፤ ውኃን የሚያስወግደው ቋቱን ማጠንፈፍ ነው፤ ላምባን ከቤንዚን የሚለይ ጠርሙስ ግን አልተሠራም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፈነዳው ጦርነት ባሕሪ ሜዳዋና ጎዳናዋ ባድማ ሆነ፤ የጀይሊው ማጣሪያም ተቃጠለ፤ የሱዳን ሠራዊት በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ሲይዘው የፍርስራሽ ክምር ነበር። ወደ ቀድሞ መንደሩ የሚመለስ ሰው፣ ከዘረፋና ከእሳት ተርፋ ቆማ የከረመች መኪናውን ቢያገኝ፣ ሙጫ የሆነውን አሮጌ ቤንዚን በጠርሙስ አስነሣዋለሁ ብሎ አይታለል። ቤንዚን በዚያ ሙቀት ጥቂት ወራት ቢቆይ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይበላሻል፤ የሚያቆየው ቅመም ቢኖርም ነዳጁ ትኩስ ሳለ መግባት ነበረበት። ከሁሉ አስቀድሞ አሮጌውን አውጥቶ ያስወግድ፣ ፊልትሮውን ይለውጥ፣ ካንዴላውን ይመልከት።

አዲሱን ቤንዚንም ሳይሞላ፣ ከእሳት ርቆ፣ ጥቂቱን በጠራ ብርጭቆ ቀድቶ እስኪረጋ ይታገሥ። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳልና ከሥር ይዘቅጣል፤ አቧራውም እንዲሁ፤ ኤታኖል የገባበት ቢሆን ውኃው ሊሰወር ይችላልና፣ ቢደፈርስም ይጠንቀቅ። ለጠርሙሱ ሊከፍል ያሰበውን ገንዘብ ለፊልትሮና ለታመነ ማደያ ቢያውለው፣ ባሕሪን ዳግም የሚሠሩትንም ሁሉ ከማደያው ጋር የነዳጅ መመርመሪያ እንዲያቆሙ ቢማጸን፣ ለሞተሩም ለልጆቹም የሚበጅ ነገር አደረገ።