ቸርኬው ይሰበራል፣ ሞዞው ይቀራል

ማለዳ ላይ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱትን ወይም በአዳዲሶቹ የሳይክል መስመሮች ላይ የሚበሩትን የኮርስ ሳይክሎች ልብ ብላችሁ ካያችሁ አንድ ነገር እየተለወጠ ነው። ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ የሚያቆመው የድሮው ፍሬን እየቀረ፣ እንደ ሞተር ሳይክል መሃሉ ላይ ዲስክ ያለው እየበዛ ነው። አብሮት የመጣ ጥያቄም አለ፦ «የፋብሪካውን ዊል አውጥቼ የራሴን ላሠራ ነው፤ የቱን ቸርኬ ከየቱ ሞዞ ጋር ልግዛ?»

ቀላል ይመስላል፤ ግን ለብዙዎቻችን የወራት ቁጠባ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ዕቃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። አንዴ ቦሌ ከደረሰ «አልገጠመም፣ መልሱልኝ» የሚባል ነገር የለም። የውጭ ቪዲዮዎች ምክር እንዳለ የማይሠራልንም ለዚህ ነው። እዚያ የተሳሳተ ዕቃ ተመልሶ ትክክለኛው በሁለት ቀን ደጅ ይደርሳል። እዚህ ግን ቀጣዩ ዘመድ እስኪመጣ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል።

በመጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ዊል ስል ሦስት ነገር አንድ ላይ ማለቴ ነው፦ ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ፣ መሃል ላይ ያለው ሞዞ፣ ሁለቱን የሚያገናኙት ሽቦዎች። (ቸርኬ፣ ሞዞ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ ጎማ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የሳይክል ቤት ቋንቋ የራሱ ታሪክ አለው።)

የዲስክ ፍሬን በኮርስ ውድድር ያን ያህል የቆየ አይደለም። ጽጋቡ ግርማይ እንደ አውሮፓውያኑ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ሁሉም የሚያቆመው በቸርኬ ፍሬን ነበር። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዲስክን ሙሉ በሙሉ የፈቀደው በ2018 ነው። ለውጡ ግን ትልቅ ነው። ድሮ ቸርኬው ራሱ የፍሬን አካል ስለነበር እያቆመ ያልቅ ነበር። በተለይ ክረምት ላይ ጭቃና አሸዋ ሲገባበት እንደ ሞረድ ይበላዋል። አሁን ቸርኬውን የሚነካው ፍሬን የለም፤ ስለዚህ በማቆም አያልቅም። ታዲያ የሚገድለው ምንድን ነው? በእኛ መንገድ መልሱ አንድ ነው፤ ጉድጓድ።

የእኔ አቋምም ከዚህ ይነሳል። ጥሩ ሞዞ ኩሽኔታው እየተቀየረለት ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቸርኬ ግን የሆነ ቀን፣ ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መሞቱ አይቀርም። አንዱ ቋሚ ንብረት ነው፣ ሌላው አላቂ ዕቃ። ገንዘብ የሚፈስበት ቋሚው ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ለሚታየው፣ ለወፍራሙ ጥቁር የካርቦን ቸርኬ ይከፍልና የማይታየውን ሞዞ በተረፈችው ብር ይገዛል።

«ካርቦን ግን ይቀላል» ትሉ ይሆናል። እስኪ እናስላ። ከካርቦኑ ጋር በሁለቱ ዊል 300 ግራም ቀነሳችሁ እንበል። እናንተና ሳይክላችሁ አንድ ላይ 75 ኪሎ ከሆናችሁ ይሄ 0.4 በመቶ ነው። ዳገት ላይ ጉልበታችን ከሞላ ጎደል ክብደት ወደ ላይ በመጎተት ስለሚያልቅ፣ ሰዓቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 30 ደቂቃ የሚፈጅ ዳገት ላይ የምታተርፉት 7 ሰከንድ ገደማ ነው። ጫማችሁን ለማሰር እንኳን አይበቃም። ወፍራም ቸርኬ ነፋስ ይሰነጥቃል የሚባለውም እውነት ነው፤ ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚሳሳ፣ በእኩል ፍጥነት ስትነዱ ከነፋስ የምታድኑት ጉልበትም በዚያው ልክ ያንሳል። ከጎን የሚመጣ ነፋስ ደግሞ ወፍራሙን ቸርኬ ይገፋዋል፤ ሲኖትራክ በአጠገባችሁ ሲያልፍ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ለካርቦን ፍትሐዊ ለመሆን፣ የዲስክ ፍሬን ትልቁን ችግሩን ፈትቶለታል። ድሮ ረጅም ቁልቁለት ላይ በፍሬን ይግል ነበር፣ ዝናብ ላይም በደንብ አያቆምም ነበር፤ አሁን ሁለቱም የሉም። በክለብ የምትወዳደሩና ውጤታችሁ በሰከንድ የሚለካ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ለሌሎቻችን ግን ልዩነቱ የሚመጣው ጉድጓድ ውስጥ በገባን ቀን ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ጠርዙ ትንሽ ቢጣመም ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ ተመልሶ ቤት ያደርሳል። ካርቦን ከተሰነጠቀ ግን አበቃ፤ በተሰነጠቀ ቸርኬ መንዳት የለባችሁም።

ወደ ሞዞው እንምጣ። ዋናው ፈተና እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ከሳይክላችሁ ጋር የሚገጥም ወይም የማይገጥመው ቸርኬው ሳይሆን ሞዞው ነው። ከማዘዛችሁ በፊት በሜትር ለኩ። በአሁኑ የዲስክ ኮርስ ሳይክል የተለመደው የፊቱ ፔርኖ ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር፣ የሞዞው ስፋት 100 ነው፤ የኋላው 12 በ142። ቀደም ብለው በወጡ የዲስክ ሳይክሎች ላይ ግን ፊቱ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ወይም በቀጭን ፔርኖ የሚታሰርና ኋላው 135 የሆነ ታገኛላችሁ። አንድ ሰው «ኋላው 148 ነው፣ በርካሽ ልስጥህ» ካላችሁ የማውንቴን ሞዞ ነው፤ ኮርሱ ላይ አይገባም።

ቀጥሎ ዲስኩ የሚታሰርበት መንገድ አለ። አንዱ በስድስት ብሎን ነው። ሌላው ሴንተርሎክ የሚባለው፣ ጥርስ ባለው ቀለበት ውስጥ ገብቶ በአንድ ክብ ብሎን የሚጠብቀው ነው። ሴንተርሎክ ሞዞ ላይ የስድስት ብሎን ዲስክ በመሸጋገሪያ ይገባል፤ ከዚያ በተቃራኒ ግን እንደማይሆን ቁጠሩት። ስለዚህ እንደ እኛ የተገኘውን ዲስክ ለሚገጥም ሰው ሴንተርሎክ በር አይዘጋም።

የኋላ ጥርሶቹ የሚሰኩበት አካልም የየኩባንያው ነው። የሺማኖ ኮርስ ከሆነ ኤችጂ የሚባለው ነው፤ የ12 ፍጥነት የኮርስ ጥርሶቹም በ11 ፍጥነቱ አካል ላይ ይገባሉ። የስራም 12 ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ኤክስዲአር ይፈልጋል፣ ካምፓኞሎ የራሱ አለው። ይሄ አካል ወልቆ በሌላ የሚቀየርበትን ሞዞ ምረጡ። የዛሬ ሦስት ዓመት ምን ዓይነት ማርሽ ርካሽ ሆኖ እንደሚገኝ ማን ያውቃል?

ከዚያ ኩሽኔታ። እኔ ብሆን ሻጩን መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ግራም ነው?» ሳይሆን «የኩሽኔታው ቁጥር ስንት ነው?» ነው። ዝግ ኩሽኔታ የሚጠቀም ሞዞ መለኪያው ዓለም አቀፍ ነው። 6902 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ አዲስ አበባም ሆነ ሚላን፣ የውስጡ 15፣ የውጪው 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። የሳይክል ዕቃ ቤት ባይኖረው እንኳን ኩሽኔታ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ቁጥሩን ይዞ መጠየቅ ይቻላል። የራሱ ልዩ መጠን ያለው ሞዞ ግን ዘመድ ያስጠብቃል። ሺማኖ በብዙ ሞዞዎቹ ላይ የሚጠቀመው የድሮው ዓይነት ልቅ ኳሶችም መጥፎ አይደሉም። ኳስና ግራሶ ርካሽ ነው፣ ሠራተኞቻችንም ያውቁታል። ብቻ ግራሶውን ሳታድሱ ክረምቱን ካሳለፋችሁና ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ጎድጓዳ ከተበላ፣ ሞዞው ራሱ ነው የሚጣለው።

ቸርኬው ላይ ሦስት ነገር ብቻ አያለሁ። አንደኛ የውስጥ ስፋት፦ ለ28 እና ለ30 ሚሊ ሜትር ጎማ 21 አካባቢ ጥሩ ነው፤ ሰፊ ጎማ በትንሽ ንፋስ መንዳት ጉድጓዱንም ያለዝበዋል። ሁለተኛ የቀዳዳ ብዛት፦ ከሞዞው ጋር እኩል መሆን አለበት። ለቀላል ሰው 24 ይበቃል፤ ለእኛ መንገድ ግን 28 እላለሁ፣ ከባድ ከሆናችሁ ወይም ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ 32። አንድ ሽቦ ቢበጠስ 28ቱ ዊሉን ቶሎ አያጣምሙትም።

ሦስተኛ፣ ሁክለስ ከሚባለው ራቁ። ጎማውን ከውስጥ ቆልምሞ የሚይዝ ከንፈር የሌለው ቸርኬ ነው። በኮርስ ሳይክል ላይ የንፋስ ጣሪያው 72.5 ፒኤስአይ፣ ማለትም 5 ባር ነው፤ ጎማውም ለሱ የተፈቀደ ቲዩብለስ መሆን አለበት። እንደ አውሮፓውያኑ በ2024 የኤምሬትስ ቱር ላይ የቤልጂየማዊው ቶማስ ደ ጌንት ጎማ ከእንዲህ ዓይነት ቸርኬ ወጥቶ ሲወድቅ፣ በምክንያቱ ላይ ፕሮፌሽናሎቹ ራሳቸው ብዙ ተከራክረዋል። እኛ ደግሞ ጎማ የምናስነፋው ጎሚስታ ጋ፣ ለመኪና በተሠራ ኮምፕረሰር፣ ጌጁም የሚታመን ሳይሆን ነው። ከንፈር ያለው ቸርኬ ይሻለናል።

ስለ ሽቦ ባጭሩ። በዲስክ ፍሬን ኃይሉ የሚጀምረው ሞዞው ላይ ነው፤ ወደ ጎማው የሚደርሰው በሽቦዎቹ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ የፊቱም ቢሆን ሽቦዎቹ እርስ በርስ እየተላለፉ መታሰር አለባቸው እንጂ እንደ ፀሐይ ጨረር ቀጥ ብለው መዘርጋት የለባቸውም። «ቀጥ ብሎ ያምራል» የሚል ሠራተኛ ከገጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የፊት ፍሬን ነው የምታወሩት። ዲስኩ በግራ ስለሆነ የፊቱ የግራ ሽቦዎች ይበልጥ ይወጠራሉ፤ ኋላ ላይ ደግሞ በጥርሶቹ ምክንያት የቀኞቹ። ቀዳዳዎቹ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ሸሸት ያሉበት ቸርኬ ይሄንን ልዩነት ያጠባል። ያው አንድ ዓይነት ቸርኬ ፊትም ኋላም ይሆናል፤ አቅጣጫውን ብቻ ያዞሩታል። በሽቦው ጫፍ ላይ የሚጠብቁት ትንንሽ ኒፕሎች ከናስ ይሁኑ። የአሉሚኒየሞቹ ጥቂት ግራም ይቀንሳሉ፣ በዝናብና በጭቃ ግን ይነክሳሉ፤ ከዚያ ለማቅናት ሲሞከር ይሰበራሉ።

እና አሁን ሒሳቡን ዝጉ። ካርቦኑን ትታችሁ ባተረፋችሁት ሁለት ሳይሆን ሦስት የአሉሚኒየም ቸርኬ ግዙ፤ አንድ ሞዴል፣ ሦስቱም ባለ 28። ሞዞዎቹም ሁለቱም ባለ 28 ይሁኑ። ያን ጊዜ ሦስተኛው ለፊትም ለኋላም መጠባበቂያ ነው። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሲሞት አዲሱን ከአሮጌው ጎን በፕላስተር ታስሩታላችሁ፤ ሽቦዎቹን እያላላችሁ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ታዛውራላችሁ። ሞዴሉ አንድ ስለሆነ የሽቦው ርዝመት አይለወጥም፤ አዲስ መግዛትም የለም። ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ዊሉን በኋላ የሚያቀናላችሁ ጎበዝ ሠራተኛ ካለ።

ሽቦ ሲታዘዝ ከየርዝመቱ ሁለት ሁለት ትርፍ ይጨመር። ርዝመቱ በአንድ ሳይክል ላይ እስከ አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የኋላ ቀኝ። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ልኩን ጻፉበት፣ ፎቶም አንሡት። አዲሱን ዊል ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ወደ ሠራተኛው መልሳችሁ ውጥረቱን አስለኩ፤ ሽቦዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ትንሽ መላላታቸው ያለ ነው።