ባሕረ ኤርትራና ጠባብ በሩ

በወላይታ ምድር ከገሱባ ተነሥቶ በሶዶ በኩል ወደ ሁምቦ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ውሃውን ዘርግቶ ሲታየው፣ ባሕር ከአገሩ እጅግ የራቀ ነገር መስሎ ቢሰማው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሐይቁን የተሸከመው ስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘልቆ አፋር ሲደርስ፣ ከሁለት ታላላቅ የምድር ስንጥቆች ጋር ይጋጠማል፤ አንዱ ባሕረ ኤርትራ (ቀይ ባሕር)፣ ሌላው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የዐረብ ምድር ከአፍሪካ መለየት የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ሁለቱን ስንጥቆች ውቅያኖስ ሲሞላቸው፣ በወላይታ ሥር የሚያልፈው ግን እስካሁን የብስ ሆኖ ቀርቷል።

ባሕረ ኤርትራ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቢረዝምም፣ በደቡብ ያለው በሩ ባብ ኤል መንደብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሰፋል፤ ከበሩ ወደ ውስጥ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ የባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ ጥልቀቱ 137 ሜትር ያህል ይሆናል። ፀሐይ በየዓመቱ ሁለት ሜትር ያህል ውሃ ታተንበታለች፤ የሚገባበት ቋሚ ወንዝም የለም፤ በመሆኑም ጨውነቱ ከውቅያኖስ ይበልጣል፣ በአንድ ሊትር 40 ግራም ይደርሳል። በዓመቱ ቀዝቃዛ ወራት ቀለል ያለው የኤደን ውሃ በላይ እየገባ፣ ከባዱና ጨዋማው በታች እየወጣ በዚያች ጠባብ በር ባይለዋወጡ ኖሮ፣ ባሕሩ እንደ ዳናኪል በሆነ ነበር፤ ዳናኪል ከባሕረ ኤርትራ የተቆረጠ ክንድ ነበርና፣ ደርቆ የተወው ጨው ተፈልጦ አሞሌ ሆነ፤ አሞሌውም በአገራችን ገበያ ለብዙ ዘመን ገንዘብ ሆኖ ሠራ።

ነፋሱም ለታሪኩ ባለድርሻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ በደቡባዊው እኩሌታ ከደቡብ ስለሚነፍስ፣ የግብፅ መርከበኞች ወራቱን ጠብቀው ወደ አክሱም ወደብ ወደ አዱሊስ ይወርዱ ነበር፤ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የባሕረ ኤርትራ የጉዞ መጽሐፍ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የዔሊ ቅርፊት ከዚያ ይጫን እንደ ነበር ይመሰክራል። አፄ ካሌብም በ525 ዓ.ም. ገደማ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለተገደሉት የናግራን ክርስቲያኖች ሊበቀል በሐመር ተሻግሮ ወደ የመን የዘመተው በዚሁ ባሕር ነው። ያን ያህል የባሕር ኃይል ከአክሱም በኋላ አላየንም፤ ይህን በቀላሉ የምናልፈው አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ባሕሩን የተሻሙት ሌሎች ናቸው፤ ቱርክ በ1557 (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ምጽዋን ያዘች፤ እንግሊዝ በ1839 ኤደንን። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ አንድ የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያም በዚያው ዓመት አሰብን ገዛ፤ የሁለቱ ነገር መገጣጠም ድንገት አልነበረም።

ኤርትራ በ1993 ነጻ ከወጣችና ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ ንግድ በአብዛኛው በጂቡቲ ነው፤ የጂቡቲ ወደብ ግን ከበሩ ውጭ፣ በኤደን በኩል ይገኛል። ስለዚህ ከሕንድ የሚመጣ መርከብ በሩን ሳይነካ ይደርሳል፤ ከሞሮኮ የሚጫን ማዳበሪያ ግን ስዊዝንና ባብ ኤል መንደብን ካላለፈ አፍሪካን መዞር ግድ ይሆንበታል፤ የየመን ሁቲዎች በኅዳር 2023 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) መርከቦችን ማጥቃት ከጀመሩ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች የመረጡት ይህን ረጅም ዙር ነው፤ ለበልግ በቆሎው ማዳበሪያ የሚጠብቀው የወላይታ ኦፋ ገበሬም የነገሩ ባለጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነው።