የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ፦ ሴንሰር ከመቀየሩ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በክረምት ወራት ከደምበጫ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሰውና እህል በማመላለስ ረገድ አራቱም ጎማቸው የሚጎትት ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። ወላድ እናት ወደ ጤና ጣቢያ የያዘ ተሽከርካሪ በጭቃ መካከል ጉልበቱን በድንገት ቢያጣ፣ ጉዳቱ በጥገና ወጪ ብቻ የሚለካ አይሆንም። በአንጻሩ የሞተር መብራት በበራ ቁጥር ሴንሰር እየገዛ የሚቀይር ባለንብረት ገንዘቡን አውጥቶም ችግሩን ሳይፈታ ሊቀር ይችላል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ብልሽቱ የሴንሰር፣ የሽቦ ወይም የሌላ ክፍል መሆኑን ለመለየት እንዲችሉ፣ ቢያንስ ከመካኒክ ጋር በእውቀት ላይ ተመሥርተው እንዲነጋገሩ ለማገዝ ነው።

በቅድሚያ የተሽከርካሪው ሞተር ዓይነት መታወቅ አለበት። ዋን ኤች ዜድ የተባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ነዳጅ የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ጉልበት ሲያጣ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው የነዳጅና የአየር ማጣሪያዎቹ ናቸው። ዲ-ፎር-ዲ በሚል ስያሜ የሚታወቁት የሃይሉክስ ሞተሮች ግን የነዳጁን መጠን የሚወስኑት በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩም ከክራንክ ዘንግ፣ ከነዳጅ ግፊት፣ ከአየር መጠንና ከውኃ ሙቀት ሴንሰሮች መረጃ ይቀበላል። የሚደርሰው መረጃ የማይታመን ሆኖ ሲያገኘው ሞተሩን ከጉዳት ለመጠበቅ ነዳጅ ይቀንሳል። አሽከርካሪው «መኪናው ታፈነ» የሚለው በአብዛኛው ይህን ሁኔታ ነው።

ከመሪው ሥር በሚገኘው ባለ 16 እግር ሶኬት ላይ የመመርመሪያ መሣሪያ ሲሰካ የብልሽት ኮድ ይነበባል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ዋነኛ ስህተት ኮዱን «ይህን ዕቃ ቀይር» የሚል ትእዛዝ አድርጎ መውሰድ ነው። ኮዱ የሚናገረው ስለ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ሲሆን፣ መስመሩ ደግሞ ሴንሰሩን፣ ሽቦውን፣ ሶኬቱንና ኮምፒውተሩን ያጠቃልላል። ስለዚህ ኮዱ ከመሰረዙ በፊት በወረቀት መመዝገብ ይኖርበታል። ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት ብልሽቱን አያስወግድም፤ ማስረጃውን ግን ሊያጠፋ ይችላል።

የውኃ ሙቀት ሴንሰርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ባለ ሁለት ሽቦ በመሆኑ ለምርመራ ቀላል ነው። ፒ 0118 የሚለው ኮድ መስመሩ እንደተቋረጠ፣ ፒ 0117 ደግሞ መስመሩ እንደተገናኘ (ሾርት እንዳደረገ) ያመለክታል። መስመሩ ሲቋረጥ የመመርመሪያው መሣሪያ የሞተሩን ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በምዕራብ ጎጃም እንዲህ ያለ ብርድ እንደሌለ ለማንም ግልጽ ስለሆነ ቁጥሩ ራሱ ወደ ተቆረጠ ሽቦ ወይም ወደ ላላ ሶኬት ይጠቁማል። በዚህ ጊዜ ሶኬቱን ከሴንሰሩ ነቅሎ፣ በሽቦው በኩል ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ይቻላል። ኮዱ ወደ ፒ 0117 ከተለወጠ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፤ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው። ካልተለወጠ ግን አዲስ ሴንሰር መግዛት ከንቱ ወጪ ይሆናል። ይህ ዘዴ ለዚህ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ሊጤን ይገባል።

ሴንሰሩን በተናጠል በመልቲሜትር መለካትም ይቻላል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት 2.5 ኪሎ ኦም አካባቢ፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 0.32 ኪሎ ኦም ገደማ ያነባል። በማንቆርቆሪያ ውኃ አፍልቶ የሚሞክር ሰው ደምበጫ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል።

የነዳጅ ግፊትን የመሳሰሉ ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰሮች ከኮምፒውተሩ የ5 ቮልት ኃይል ይሰጣቸዋል። በአንድ ጊዜ የሦስትና የአራት ሴንሰር ኮድ ከታየ ሁሉም አብረው ተበላሹ ማለት ዘበት ነው። አንዱ ሾርት አድርጎ የጋራውን 5 ቮልት ጎትቶ ሊሆን ይችላል፤ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቮልቱ የሚመለስበትን ማየት ጥፋተኛውን ይለያል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን ባትሪውና የማሳ ሽቦው ይፈተሹ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.4 ቮልትና ከዚያ በላይ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መገኘት አለበት። ባትሪውን ከሞተሩና ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ከዛገ ወይም ከላላ ጤነኛ ሴንሰር ሐሰተኛ መረጃ ይልካል። በአካባቢው ሁኔታም የክረምቱ ጭቃ፣ የወንዝ መሻገሪያው ውኃና የበጋው አቧራ ወደ ሶኬቶች ይገባሉ። ተሽከርካሪ እህል በሚከማችበት ግቢ ሲያድር አይጥ ሽቦ የመቁረጧ ነገርም ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ሞተርን በከፍተኛ ግፊት ውኃ ማጠብ ደግሞ ባለንብረቱ በገዛ እጁ የሚፈጥረው ብልሽት ነው።

የአራት ጎማ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ዘንጎቹ እስኪያያዙ ድረስ መብራቱ ሊያመነታ ስለሚችል ፍጥነት ቀንሶ ቀጥ ብሎ ጥቂት ሜትር መጓዝ ይበቃ ይሆናል። ከጭቃ መንገድ ወጥቶ የደብረ ማርቆስ–ባሕር ዳርን አስፋልት የያዘ አሽከርካሪ አራቱን ጎማ ሳያላቅቅ ከቀጠለ፣ በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚጓዙት ርቀት ስለሚለያይ ዘንጎቹ ይወጠራሉ፤ ማርሹን ቢመልስም መብራቱ አልጠፋም ይላል። መፍትሔው ቀጥ ባለ ቦታ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከዚህ በኋላም ካልጠፋ በማከፋፈያው ካምቢዮ ላይ ያለው ስዊችና በፊተኛው ዲፈረንሻል ላይ የሚገኘው ሶኬት ከጭቃ ጸድተው ይታዩ። መጠናቸው ወይም አልቆነታቸው የተለያየ ጎማዎችም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላሉ።

የፍሬን (ኤቢኤስ) መብራት በበራ ጊዜ በጎማው አጠገብ ያለው የፍጥነት ሴንሰር ጫፍ በጭቃ ወይም በብረት ብናኝ ተሸፍኖ እንደሆነ ይታይ። በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ያለው ሴንሰር በውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው በኦም መለካት ያሳስታል። የነዳጅ ማጣሪያ መብራት ሲበራ ደግሞ መልእክቱ ውኃ ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ ከማጣሪያው ሥር ያለውን መክፈቻ ፈትቶ ውኃውን ማፍሰስ ይገባል። ውኃው ወደ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ ካለፈ የሚጠይቀው ወጪ እጅግ የከበደ ነው።

በጭነት ሳጥን ወይም በሻንሲ ላይ የብየዳ ሥራ ሲሠራ የባትሪው ገመድ ተፈትቶ መነጠል አለበት፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። የማስጠንቀቂያ መብራትን አምፖል ነቅሎ ወይም ሽቦውን ቆርጦ ማጥፋት ፈጽሞ የተከለከለ ተግባር ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ብልሽት አሽከርካሪው የሚያውቀው ተሽከርካሪው ሲቆም ነውና። ቀይ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ከበራ ምርመራው ሌላ ጊዜ ይደርሳል፤ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጥፋ።

ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለንብረት የተመዘገበውን ኮድ፣ መብራቱ የበራበትን ሁኔታ (ዳገት ላይ፣ ከዝናብ በኋላ፣ ሞተሩ ሲሞቅ) እና ቀደም ሲል የተቀየሩ ዕቃዎችን ዝርዝር ይዞ ይቅረብ። ዕቃ እንዲቀየር ከመፍቀዱ በፊት በምን ልኬት ብልሽቱ እንደተረጋገጠ ይጠይቅ፤ ከጥገናው በኋላም የተነቀለውን አሮጌ ዕቃና ደረሰኙን ይረከብ።